የስኳር ድንች ሙቅ፦ እንዴት እንደሚዘጋጅና ለማን እንደሚሰጥ

በካምፑ ሬድዮ ከተላለፈ የጤና ንግግር የተወሰደ

 

ታኅሣሥና ጥር ሲመጡ የሱዳን አየር ጠባዩን ይለውጣል። ቀን ቀን ፀሐይዋ ያው ናት፤ ሌሊቱንና ማለዳውን ግን ከሰሜን የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ሱዳኖች ይህን ወቅት «ሺታ» ይሉታል። ካርቱም የኖራችሁ፣ በዴምም ሆነ በጅሬፍ፣ በዚህ ወቅት ማለዳ ሻይ ከሚያፈሉት እህቶቻችን ዘንድ ሰው እንዴት ከሰሉን ከብቦ እንደሚቀመጥ ታስታውሳላችሁ። ሱዳኖች ከቴምር ወይም ከአብሽ «መዲዳ» የሚሉትን ወፍራም ትኩስ መጠጥ ይሠራሉ። እኛም ከአገራችን ይዘነው የመጣነው አጥሚትና ሙቅ አለን። ዛሬ የምናስተምረው መጠጥ የእነዚህ ዘመድ ነው፤ የሚሠራው ግን ከእህል ሳይሆን ከስኳር ድንች ነው።

ገበያ ስትወጡ በዐረብኛ «ባምቤይ» ብላችሁ ጠይቁ። «በጣጢስ» ካላችሁ ተራውን ድንች ይሰጧችኋል።

ስኳር ድንች ለአብዛኞቻችን አዲስ አይደለም። የወላይታ፣ የሲዳማ ወይም የሐረርጌ ሰው ሁሉ ቀቅሎ በልቶታል። በወተት አሽቶ፣ አሙቆ በብርጭቆ መጠጣት ግን በአገራችን ብዙም አልተለመደም። ይህን አጥብቀው የያዙት ኮሪያውያን ናቸው። እነርሱ ስኳር ድንችን «ጎጉማ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1763 ጆ ኦም የተባለ መልእክተኛ ወደ ጃፓን ሲጓዝ ከጹሺማ ደሴት ወደ አገሩ እንዳመጣው ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ እህል ባነሰ ጊዜ ብዙ ሰው ከረሃብ ያወጣ ተክል ሆነ። የእኛ ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ በደረሰበት ጊዜ አገሪቱ በጦርነት የፈረሰች ነበረች። ዛሬ በዚያው አገር የክረምት ብርድ ሲመጣ ጎጉማውን በእንፋሎት አብስለው፣ ከትኩስ ወተት ጋር ፈጭተው፣ በየሻይ ቤቱ ይጠጡታል። ልጆቻችሁ በስልክ የሚያዩት የኮሪያ ድራማ ላይ ሳታዩት አትቀሩም።

እኛ ግን ይህን የመረጥነው ለድራማው ብለን አይደለም። ራሽን በሙሉ በሚመጣበት ጊዜም እንኳ የምንቀበለው ማሽላ፣ ምስር ወይም ሌላ ጥራጥሬ፣ ዘይትና ጨው ነው። ይህ ሆድ ይሞላል። በዘይቱ ውስጥ ከሚጨመረው በቀር ግን ቫይታሚን ኤ የሚባለው ንጥረ ነገር በማሽላና በምስር ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ልጅ መጀመሪያ የሚታይበት ምልክት ዳፍንት ነው። ቀን ሲሮጥ የዋለው ልጅ ፀሐይ ስትጠልቅ ዕቃ ይመታል፣ እናቱን በድምፅ ይፈልጋል፣ ሰሃኑን በእጁ ይዳብሳል። እናት «ፈሪ ሆነብኝ፣ ማታ አይንቀሳቀስም» ትላለች። ልጁ ግን ፈርቶ ሳይሆን ስለማያይ ነው። ይህ ሳይታከም ከቀጠለ የዓይኑ ብሌን ደርቆ ይቆስላል፣ እስከ መታወርም ይደርሳል። ኩፍኝና ተቅማጥ ሲይዙትም ከሌላው ልጅ ይልቅ ይበረቱበታል። እንዲህ ያለ ምልክት ያያችሁ ወላጆች ሙቅ እስክታፈሉ አትጠብቁ፤ ልጁን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጤና ጣቢያው በየስድስት ወሩ ለልጆች በአፍ የሚያንጠባጥበው እንክብል ይህንኑ ለመከላከል ነው። ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 100,000 ዩኒት ያለው ሰማያዊው፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 200,000 ዩኒት ያለው ቀዩ ይሰጣል። የስኳር ድንች ሙቅ ይህን እንክብል አይተካም። በሁለቱ እንክብሎች መካከል ባሉት ወራት ግን የልጁን ገላ ሊደግፍ ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ትክክለኛውን ስኳር ድንች ስታገኙ ነው።

ትክክለኛው የቱ ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስኳር ድንች ልጣጩ ቀይ ስለሆነ ብቻ ውስጡ ቀይ አይደለም። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ጫፉን ስበሩትና እዩት። ውስጡ እንደ ካሮት ብርቱካንማ ከሆነ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አለው፤ ቀለሙ በጠነከረ መጠን ንጥረ ነገሩም ይበዛል። ውስጡ ነጭ ከሆነ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ለዓይን የሚሆን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በአገራችን አዋሳ 83 የተባለው ዝርያ ውስጡ ነጭ ነው፤ ኩልፎ የተባለው ደግሞ ብርቱካንማ ነው። ይህን ብርቱካንማ ዝርያ በአፍሪካ ገበሬዎች እጅ እንዲገባ የደከሙት ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎው እ.ኤ.አ. በ2016 ከሌላ አንድ ባለሙያ ጋር የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ከመካከለኛ ብርቱካንማ ስኳር ድንች ከግማሽ ትንሽ ከፍ የሚል፣ 125 ግራም ያህል፣ ለአንድ ትንሽ ልጅ የቀኑን ቫይታሚን ኤ ይሸፍናል። በገበያችሁ ነጩ ብቻ ከሆነ ያለው መጠጡን በነጩ ሥሩትና አንድ ካሮት ወይም አንድ ቁራጭ ቢጫ ዱባ አብራችሁ ቀቅሉበት። ካሮት «ጀዘር»፣ ዱባ «ገረዕ» ይባላል።

ሲገዙ ደግሞ ጠንካራውን፣ ያልተሸበሸበውንና ያልቆሰለውን መምረጥ ነው። ጥቁር እድፍ የያዘ፣ የሻገተ ወይም የሚመር ስኳር ድንች «የተበላሸውን ቆርጬ ቀሪውን ላብስለው» አይባልም። ሻጋታው የሚፈጥረው መርዝ ወደ ደህናው ክፍል ይዘልቃል፤ በመቀቀልም አይጠፋም። ለከብትም አትስጡት፤ ከብትንም ይገድላል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ለአምስት ሰው የሚሆን ግማሽ ኪሎ ስኳር ድንች ይበቃል፤ ይህም መካከለኛ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ራስ ማለት ነው። አራት የሻይ ብርጭቆ ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የተፈጨ ለውዝ፣ ጥፍር የምታህል ጨው ያስፈልጋል። ኮረሪማ፣ ቀረፋ ወይም ዝንጅብል ካላችሁ ጥቂት ጨምሩ። ስኳር አያስፈልግም፤ ምክንያቱን በኋላ እንነግራችኋለን።

ከሁሉ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ድንቹን አፈሩ እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ እሹት። ሳትልጡ ከነልጣጩ ድስት ውስጥ ጨምሩት፤ ልጣጩ ንጥረ ነገሩ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ እንዳይቀር ይይዘዋል። ከሰል ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ እያንዳንዱን ለሁለት ክፈሉት፤ ከዚያ በላይ ግን አታድቅቁት። ውሃው የድንቹን ግማሽ ይንካ እንጂ አያስጥመው። በደንብ የሚገጥም ክዳን አድርጉበት፣ መፍላት ሲጀምር ከሰሉን ቀንሱና በቀስታ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይብሰል። ሹካ ወይም ስንጥር ሲወጉበት ያለ ትግል ካለፈ በስሏል።

በቀስታ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በስኳር ድንች ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ የራሱ ቅመም አለ። ይህ ቅመም የሚሠራው ድንቹ ሞቆ ገና ሳይፈላ ባለበት መካከለኛ ሙቀት ላይ ነው። ቀስ ብሎ የሞቀ ድንች እንግዲህ ራሱን በራሱ ያጣፍጣል፤ በኃይለኛ እሳት ቶሎ የፈላው ግን ቅመሙ ሥራውን ሳይጨርስ ይሞትበታል። ከካርቱም ሻይ ጋር ብዙ ስኳር የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ቅር ይለው ይሆናል። ሦስት ቀን ከጠጣው በኋላ ይለምደዋል።

ድንቹ እንደበሰለ ትኩስ ሳለ ልጣጩን አውጡ፤ እንደ ጨርቅ ተገፎ ይወጣል። ንጹሕ በሆነ ሙቀጫ፣ በሹካ ወይም በጠርሙስ ቂጥ አድቅቁት። መፍጫ ማሽን ባይኖርም ችግር የለም። ሱዳኖች ወጥ የሚመቱበት «ሙፍራካ» የሚሉት የእንጨት መምቻ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ካላችሁ በእርሱ ምቱት። ክር ክር የሚል ነገር ካለው በወንፊት አሳልፉት።

ወተቱን በሌላ ድስት አፍሉ። በካርቱም በአህያ ከሚዞሩት ሰዎች ወተት ትገዙ የነበራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ያልፈላ ወተት በፍጹም አይጠጣም። ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አለ። ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያመጣል፤ ሰው ወባ ነው እያለ ወራት ይቆያል። ከከብት የሚመጣ የሳንባ ነቀርሳም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል። ወተቱ ገንፍሎ ከወጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ እያማሰላችሁ አቆዩት። የዱቄት ወተት ከሆነ ያላችሁ በእሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ፣ አስቀድሞ በፈላ ውሃ በጥብጡት፤ መጀመሪያ በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ ካላሻችሁት ይቋጠራል።

ከዚያ የደቀቀውን ድንች በወተቱ ላይ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ በትንሽ እሳት አማስሉት። ዘይቱን፣ ጨውንና ቅመሙን አክሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ቡልቅ ቡልቅ ካለ አውርዱት።

ዘይቱን ለምን ጨመርን? ብርቱካንማው ንጥረ ነገር ቅባት ከሌለ ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። በውሃ ብቻ የተበጠበጠ ስኳር ድንች የጠጣ ልጅ ጥቅሙን ብዙም ሳያገኝ ይወጣለታል። አንድ ማንኪያ ዘይት ይህን ይለውጠዋል።

ወተት የሌላቸው ብዙ ቤቶች እንዳሉ እናውቃለን። ለእነርሱ የሱዳን ገበያ «ዳክዋ» የሚባል መልካም ነገር አለው፤ የተቆላ ለውዝ ተፈጭቶ ቅቤ የመሰለ ነው። በወተቱ ፈንታ ንጹሕ የፈላ ውሃ ወስዳችሁ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዳክዋ በጥብጡበት። ቅባቱንም ገንቢውንም አንድ ላይ ይሰጣል፤ ለጣዕሙም ቢሆን በእኛ አስተያየት ከወተቱ አይተናነስም። ለውዙን ራሳችሁ የምትፈጩ ከሆነ የጨቀየውን፣ የጠቆረውንና የሻገተውን ፍሬ ለቅማችሁ ጣሉት፤ የለውዝ ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው። ለውዝ ሲበላ ሰውነቱ የሚያብጥ ወይም የሚታፈን ሰው ይህን አይንካ።

አሁን ለእናቶች ጠበቅ አድርገን የምንናገረው አለ። ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ይህም ሆነ ሌላ ሙቅ፣ ሻይም ሆነ ውሃ አይሰጥም። የእናት ጡት ብቻ። ስድስት ወር ከሞላው በኋላ ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይቋረጥ ምግብ ይጀመርለታል። ታዲያ ለሕፃን የሚሰጠው በብርጭቆ እንደሚጠጣው ቀጭን መሆን የለበትም። በየቤቱ የምናየው ችግር ይህ ነው። እናት አንድ እፍኝ ዱቄት በብዙ ውሃ ታፈላለች፣ ልጁ ሁለት ኩባያ ይጠጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ይተኛል። እናት ጠገበ ትላለች። ሆዱን የሞላው ግን ውሃ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ የሚገባው ነገር ሁሉ ፍሬ ያለው መሆን አለበት። ማንኪያውን ስታዘነብሉት ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል፤ በማንኪያው ላይ ተይዞ የሚቆይ ከሆነ ልክ ነው። ስለዚህ ለሕፃኑ ወተቱን ሳትጨምሩ በፊት ከደቀቀው ድንች ለይታችሁ አንሡለት፣ በጡታችሁ ወተት ወይም በጥቂት የፈላ ወተት አለስልሱት፣ ዘይት ወይም ዳክዋ ጠብ አድርጉበት፣ በማንኪያ አብሉት። በጡጦ አትስጡ፤ ጡጦን በካምፕ ውሃ አጽድቶ መያዝ እጅግ ከባድ ነው። ማርም ዓመት ላልሞላው ልጅ አይጨመርበትም።

ክንዱ ሲለካ በመለኪያው ክር ላይ ቀዩ የመጣበት፣ ማለትም ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የለውዝ ምግብ እንደ መድኃኒት ይውሰድ። እንዲህ ላለ ልጅ የስኳር ድንች ሙቅ አይበቃም፤ የታዘዘለትን ምግብ የሚበላበትን ቦታ ከሆዱ ሊወስድበትም ይችላል።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ያለ ስጋት ትጠጣው። አንዳንዶች «ቫይታሚን ኤ ለነፍሰ ጡር አይሆንም» የሚል ነገር ሰምተዋል። እውነትነት አለው፤ ነገሩ ግን ስለ እንክብሉ ነው። ከፍተኛ መጠን ያለውን እንክብል ነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰድ። ስኳር ድንቹን ግን ሰውነቷ የሚያስፈልጋትን ያህል ብቻ ስለሚለውጠው አይጎዳትም።

ስለ ውሃ ሳንናገር ይህን ንግግር ልንጨርስ አንችልም። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ከጀመረ ወዲህ የውሃ መሥመሮችና የመብራት ጣቢያዎች ተመትተዋል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሱዳን የኮሌራ ወረርሽኝ ታወጀ፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በካርቱም በኃይል ተስፋፋ። ከዚያ የወጣችሁ ሰዎች ያያችሁትን ታውቃላችሁ። ትኩስ መጠጥ ደህና ነው የሚለው ሐሳብ ግማሽ እውነት ነው። ሙቁ ሲፈላ ተህዋሲያኑ ይሞታሉ። ከፈላ በኋላ በረድ እንዲል ብላችሁ ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ከጨመራችሁበት፣ ወይም ብርጭቆውን በዚያው ውሃ አለቅልቃችሁ ከቀዳችሁበት፣ ደዌውን መልሳችሁ አስገባችሁት ማለት ነው። የደፈረሰ ውሃ በንጹሕ ወፍራም ጨርቅ ይጣራ፣ ከዚያ ቡልቅ ቡልቅ እያለ አንድ ደቂቃ ይፍላ። በክሎሪን እንክብል የምታክሙ ከሆነ በእሽጉ ላይ የተጻፈውን መጠን ጠብቁና ሠላሳ ደቂቃ ቆዩ።

የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ የያዘው ሰው ይህን መጠጥ አይጠጣ። እርሱ የሚያስፈልገው ኦ.አር.ኤስ. ነው፤ አንዱን እሽግ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ እያጠጣችሁት ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። እሽጉ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ ልኩን የተሞላ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው ከዚህ አይብለጥ።

የተረፈ ሙቅ በሙቀት አገር ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ማታ የተሠራውን በቴርሞስ አድርጎ ለጠዋት ማቆየትም የለመድነው ነገር ነው፤ ለሻይ ይሆናል፣ ለዚህ ግን አይሆንም። ወተትና ስታርች ያለበት ነገር በቴርሞስ ውስጥ ለብ እያለ ሲያድር ተህዋሲያን የሚራቡበት ምቹ ቤት ያገኛሉ። ለጠዋት ከፈለጋችሁ ድንቹን ማታ ከነልጣጩ ቀቅላችሁ ከድኑና ነፋስ በሚያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። በሺታ ሌሊት ይህ ይቻላል፤ በበጋው ሙቀት ግን አይቻልም። ጠዋት ልጣችሁ፣ አድቅቃችሁ በወተቱ እንደገና አፍሉት።

ብርዱን ፈርታችሁ ከሰሉን ወደ ቤት ወይም ወደ ድንኳን አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ከከሰል የሚወጣው ጢስ የሌለው መርዝ ሽታ የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። አብስላችሁ ስትጨርሱ እሳቱን ውጭ አጥፉት። ድስቱንም ልጅ ከማይደርስበት አርቁ፤ ወተትና ስኳር ድንች ያለበት ትኩስ ነገር ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ከውሃ ይልቅ ያቃጥላል።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ አባቶችና እናቶች ስሙን ሰምታችሁ «ይህማ ለእኛ አልተፈቀደም» ብላችሁ ይሆናል። የተቀቀለ ስኳር ድንች ከተጠበሰው ይልቅ የደም ስኳርን ቀስ ብሎ ያነሣል። ያነሣል እንጂ አያነሣም አላልንም። ስለዚህ ግማሽ ብርጭቆ፣ በዳክዋ የተሠራውን፣ በእንጀራው ወይም በዳቦው ፈንታ እንጂ በላዩ ላይ ደርባችሁ አትጠጡ። መድኃኒታችሁንም አታቋርጡ። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ግን በስኳር ድንች ውስጥ ፖታሲየም ስለሚበዛ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቦታ ያላችሁ ደግሞ ራሳችሁ ልትተክሉት ትችላላችሁ። ስኳር ድንች የሚተከለው በፍሬው ሳይሆን በሐረጉ ነው። ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሐረግ ቆርጣችሁ፣ ከሦስት እጅ ሁለቱን አፈር ውስጥ ቅበሩት፣ አንዱ እጅ ከላይ ይታይ። አሸዋማ አፈር ይስማማዋል፤ አፈር በተሞላ ጆንያ ውስጥም ይበቅላል። ሥር እስኪይዝ ማታ ማታ ውሃ አጠጡት፤ ዕቃ የታጠበበት ውሃ ሳሙና ካልበዛበት ይሆናል። እንደ ዝርያው ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። እስከዚያ ለጋ ቅጠሉን እየቀነጠባችሁ እንደ ምሎሒያ ቀቅላችሁ ብሉት። ብዙ ቦታ ለከብት የሚጣለው ይህ ቅጠል ለሰውም የሚሆን ጎመን ነው።

በሚቀጥለው ንግግራችን ስለ ጀሪካን አጠባበቅና ስለ ውሃ አያያዝ እንነጋገራለን።